አራተኛው ልኬት

ለአንድ ተማሪ አርባ ዘጠኝን ሃምሳ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? መምህር ካልሆናችሁ ደግሞ፣ ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎላችሁ ያውቃል? እኔ በመጀመሪያው የማስተማር ዓመቴ ስንቱን እንዲህ እንዳሻገርኩ አልቆጠርኩትም። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ አርባ ዘጠኝ ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ይቆማል። ልጁ ከየት መንደር እየተመላለሰ እንደሚማር አስባለሁ። ከዚያ አንዱ ጥያቄ ላይ ግማሽ፣ ሌላው ላይ ግማሽ ነጥብ እጨምርና አሳልፈዋለሁ። ክፉ ነገር የሠራሁ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ዛሬም ቢሆን በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ትልቅ ኃጢአት ነው ብዬ አልከራከርም። የምተርከው ይኸው ልማድ ከግቢው ወጥቶ ያደረገውን ነው።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና ክልል መባል በጀመረበት ጊዜ ነበር። ቢሮዎቹ እንደ አዲስ ሙሽሮች በኪራይ ቤት ነበር የሚኖሩት። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቢሮ ይገኛል፤ የአንደኛው ስም በቀለም፣ የሁለተኛው በካርቶን ላይ፣ የሦስተኛው በሩ ላይ በጠመኔ ተጽፎ። ዝናብ በጣለ ማግስት ሦስተኛው ቢሮ ስም አይኖረውም። ሰው ሁሉ ከተቀጠረበት ሥራ ሌላ ሁለት ሦስት ሥራ ይደርብ ነበር። እኔም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ስፖርት አስተምራለሁ፤ የመጻሕፍት ክፍሉን ቁልፍ የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አንድ ቀን ርእሰ መምህራችን ጠርተውኝ «ከጤና ቢሮ ጽሑፉ የሚነበብ መምህር ላኩልን ብለዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ነው ሥራው» ሲሉኝ አልገረመኝም። የእጅ ጽሑፌ በእርግጥም ያምር ነበር።

የላኩኝ ወደ አንዲት ሐኪም ነው። ከአዲስ አበባ ለምርምር የመጣች፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት፣ ሸራ ጫማ የምታደርግ፣ ፀጉሯን በሻሽ የምታስር ቀጭን ሴት ነበረች። የተማረችው ሰውነት ራሱ እያመረተ በደም ውስጥ ስለሚልካቸው መልእክተኞች፣ ማለትም ሆርሞን ስለምንላቸው ነገሮች ነው።

«ባዮሎጂ ነው የምታስተምረው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጥሩ ነው። ለጊዜው የምታውቀውን እርሳው። ጆሮህ እንዴት ነው?»

ጆሮዬ ደህና እንደሆነ ነገርኳት።

የምርምሯ ጥያቄ ቀላል ነበር። ያኔ ደም ብዛትና ስኳር በሽታ የከተማ፣ የወፍራምና የሀብታም በሽታ ናቸው ይባል ነበር። እሷ ግን «ገጠር ገብቶ ማን ለክቷል?» ብላ ጠየቀች። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰው መረጠች፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎችንና በመንጌ አቅጣጫ የሚኖሩ የበርታ ገበሬዎችን። ሁለቱም ላይ ያው ፀሐይ ይወጣል፣ ያው ዝናብ ይዘንባል። ግን የወሎዬው ሰፋሪ ቡናውን በጨው ይጠጣል፣ የበርታው ሰው ሻዩን ስኳር አብዝቶ ይጠጣል። አንደኛው ከአገሩ ተነቅሎ የመጣ ነው፤ ሌላው ደግሞ በአያቱ መሬት ላይ ነው።

«የትኞቹ ናቸው የሚብስባቸው?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች፤ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ፊቷ በርቶ። «ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

እስከዚያን ቀን ድረስ የተማረ ሰው «አላውቅም» የሚለውን ቃል በደስታ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የደም ግፊት መለካት አንድ ሳምንት ሙሉ አስተማረችኝ። የዚያን ጊዜው መለኪያ ሣጥን ውስጥ የቆመ የመስታወት ቱቦ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ አለ። ጨርቁን ክንድ ላይ ጠቅልላችሁ አየር ስትሞሉት ባዜቃው ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩን ቀስ እያላችሁ ስትለቁት ቁልቁል ይወርዳል። ማዳመጫው ክርን መታጠፊያ ላይ ነው። መጀመሪያ ዝም ነው፤ ጨርቁ የደም ሥሩን አንቆታል። ጨርቁ ሲላላ ደሙ ሾልኮ ያልፍና «ዱም» ይላል። ያ የመጀመሪያው «ዱም» የተሰማበት ጭረት የላይኛው ቁጥር ነው። አየሩን ቶሎ ከለቀቃችሁት ባዜቃው እየሮጠ ይወርድና ድምፁን የምትሰሙት ዘግይታችሁ ነው፤ ቁጥሩም ያለ አግባብ ያንሳል። ይህን በተለይ አስታውሱት፤ እኔ ረስቼው ነበር።

ሕጎቿ ብዙ ነበሩ። ሰውዬው አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ እግሩ መሬት ይንካ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሁን፤ አያውራ፤ አታውሩት። ሦስት ጊዜ ይለካ። የመጀመሪያው የድንጋጤ ነውና ሲሰላ አይቆጠርም፤ ግን ይጻፍ። መለኪያው ወደ ለኪው ይዙር፤ ተለኪው እንዳያይ፤ ካየ ይደነግጣል፣ ከደነገጠ ግፊቱ ይወጣል። በእስክሪብቶ ብቻ ይጻፍ፤ ማጥፊያ ወደ ሥራው ቦታ አይምጣ። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙና ከጎኑ ፈርሙ፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት።

«የተሰረዘው ለምን ይነበባል?» አልኳት።

«ስህተትህም መረጃ ስለሆነ።»

ለማስተማሪያ የምትጠቀምበት ማዳመጫ ሁለት ሰው አንድ ላይ የሚሰማበት ነበር፤ ከአንዱ ገመድ ሁለት ጥንድ ጆሮ ማስገቢያ ይወጣል። ሁለታችንም እንሰማለን፣ ሳንነጋገር በየወረቀታችን እንጽፋለን፣ ከዚያ እናስተያያለን። በሳምንቱ መጨረሻ ልዩነታችን ከአንድ ጭረት አልበለጠም። «ጥሩ ተማሪ ነህ» አለችኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በሰፋሪዎቹ መንደር አብረን ነው የለካነው፤ ምንም አልሆነም። ሦስተኛ ሰው የሆነን የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር። በርታ ነው፤ መንደሩ ከመንጌ ወዲህ ነው፤ ቀጥለን የምንሄደው ወደዚያ ስለነበረ አስተርጓሚ እንዲሆነን ለመንኩት። ከእሱ ጋር በመንገድ ላይ መኪና ውስጥ የተደረገውን ወሬ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። የሰው ወገብ በሜትር ለምን እንደሚለካ ሐኪሟን ጠየቃት። እሷም የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ እንዳልሆነ፣ እሱም ወደ ደም የሚልካቸው መልእክቶች እንዳሉት ነገረችው። ከዚያ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን እንደምትልክ፣ ኢንሱሊኑም የሰውነትን በሮች እየከፈተ ስኳር እንደሚያስገባ፣ በሮቹ አልሰማም ሲሉ ግን ስኳሩ ደም ውስጥ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ የደም ሥርን ግድግዳ እንደሚጎዳ አስረዳችው።

ዘበኛው ትንሽ አሰበና «ኢንሱሊን ዘበኛ ነው ማለት ነው» አለ።

«በትክክል!» አለች።

«ስኳር ይመጣል፣ በር ይከፍታል፣ ይገባል።»

«አዎ።»

«በር እንቢ አለ፣ ስኳር ውጭ ያድራል። ገባኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «መምህሬ፣ ደመወዙ ስንት ነው? ከእኔ ይሻላል?»

ሐኪሟ እስክትታጠፍ ሳቀች። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የበር ምሳሌውን ጻፈችው። ለቀጣዩ መንደር በዚያው ምሳሌ ነው ያስረዳችው፤ «ይህን ያለው እሱ ነው» እያለችም ወደ ዘበኛው ታመለክት ነበር።

መንደሯ አንድ ክፍል ያላት ትምህርት ቤት ነበራት። በስተጀርባው የገለባ ዳስ ተሠራልን። ሰዎቹ ለስኳሩ ምርመራ ቁርስ ሳይበሉ እንዲመጡ ተነግሯቸው ነበርና አንድ ሽማግሌ «ረመዷን አለፈ፤ አሁን ደግሞ የሐኪም ረመዷን መጣ?» ብሎ አሳቀን። ዘበኛው ነው የመለሰለት፤ «የሐኪም ረመዷን አጭር ነው። ጣትህን ስጥ፣ ታፈጥራለህ።» ሐኪሟ ዳሱ ውስጥ ሆና ጣት እየወጋች፣ ወገብ እየለካች፣ ሻይና ዳቦ አዘጋጅታ ተቀመጠች። ግፊቱን ለእኔ ተወችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነኝ፤ ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ በስተጀርባ።

ስህተቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ዘበኛው ማንነቴን ሲናገር «ኡስታዝ ነው፣ የአሶሳ መምህር» ብሎ ነበር። ሰዎቹ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። መምህር አለ፣ ሰሌዳ አለ፣ እስክሪብቶ አለ፤ እያንዳንዱን ጠርቼ ቁጥር እጽፋለሁ። እንግዲህ ይህ ፈተና ካልሆነ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሰው ክንዱ ተፈትቶ ሲነሣ «አለፍኩ?» አለኝ። «አልፈዋል» አልኩት፤ እውነትም አልፎ ነበር፤ ግፊቱ የወጣት ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት አጨበጨቡለት። ከዚያ በኋላ ሁሉም «አለፍኩ?» እያለ ነው የሚነሣው።

ሐኪሟ የላይኛው ቁጥሩ መቶ አርባና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ወደ አሶሳ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ይሰጠው ብላ ነበር። አንድ ገበሬ መቶ አርባ ሁለት ላይ «ዱም» አለብኝ። ከኋላው ጓደኞቹ እየጠበቁት ነው። እጄ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ከመንገድ የመጣ ነው፣ ላቡ አልደረቀም። ምናልባት እኔ አንድ ጭረት ስቼ ይሆናል አልኩ። መቶ ሠላሳ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። «አልፈዋል!» ጭብጨባ።

ከዚያ ቀለለኝ።

ከነዚህ ሁሉ በግልጽ የማስታውሳት አንዲት ሴት ናት። ወርቅ የምታጥብ ናት፤ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበታዋን ይዛው ገብታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ወንዝ ዳር ጎንበስ ስትል ራሷን እንደሚወቅራት በዘበኛው በኩል ነገረችኝ። አሶሳ ከተላከች ግን ገበታውን የሚይዝላት እንደሌለ ጨመረች። ከዚያ በራሷ አማርኛ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ጥሩ ቁጥር ስጠኝ» አለችኝ፤ «መምህር ሆይ» ማለቷ ነው። ወረፋው ረዝሟል፤ ባዜቃውን ቶሎ ለቀቅኩት። መቶ አርባ አራት። መቶ ሠላሳ ስምንት ጻፍኩላት። እጄን ይዛ መረቀችኝ።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አሶሳ ባለው ትምህርት ቤታችን ባዶ ክፍል ውስጥ ሐኪሟ ወረቀቶቹን ዘረጋች። ጠመኔ አነሣችና ሰሌዳው ላይ ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት ብላ ጻፈች።

«የእያንዳንዱን የመጨረሻ አኃዝ ብቻ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። እሷ በየአኃዙ ሥር አንድ አንድ ሰረዝ ታክላለች። ግፊት የፈለገበት ላይ የሚያርፍ ነገር ስለሆነ አምስቱም አኃዞች ተቀራራቢ መሆን ነበረባቸው። የሰፋሪዎቹ መንደር ተቀራራቢ ነበር። እኔ ብቻዬን በለካሁት መንደር ግን ስምንት ሥር እንደ አጥር የተደረደረ ሰረዝ ወጣ። እኔም እያነበብኩ፣ «አምስት» አልኩ።

«ምን?»

«አምስት። መቶ ሠላሳ አምስት።»

ሣጥኑን ከፍታ መለኪያውን ፊቴ አቆመችው። «እስቲ እዚህ ላይ አምስትን አሳየኝ።»

ጭረቶቹ በሁለት በሁለት የሚሄዱ ናቸው። አምስት የሚባል ጭረት የለም። ማርክ የምሰጥበት አእምሮ ነው ያን ቁጥር የጻፈው።

«መቶ አርባ ላይ ማንም የለም፤ መቶ አርባ ሁለት ላይ ማንም የለም» አለች በቀስታ፣ ሰሌዳውን እያየች። «እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?»

«አሳለፍኳቸው» አልኩ።

«ምን አደረግካቸው?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭብጨባውን፣ «አለፍኩ?» የሚለውን፣ ገበታዋን የያዘችውን ሴት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «የኔ ጥፋት አለበት» አለች። «መምህርን ከሰሌዳ ፊት አስቀምጬ፣ ሰዎቹን አግዳሚ ላይ ደርድሬ፣ ፈተና አይሁን ማለት አልችልም። ስንት ናቸው?»

«አላውቅም።»

«የትኞቹ ናቸው?»

«አንዷን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

«እንግዲያው ሁሉንም ነዋ» አለች። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና የእኔን ገጾች አንድ በአንድ በቀጥታ መስመር ሰረዘች፤ ከጎናቸው ፈረመች። ያማረው ጽሑፌ ከመስመሩ ሥር ይነበብ ነበር። እስከ ዛሬ የምደነቀው በሚቀጥለው ነገር ነው። የቀረን ሁለት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ፈቃዷ ያልቃል፣ መኪናውም ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ሦስተኛ መንደር ለመጨመር ወደ ጉባ ወረዳ፣ ወደ ማንኩሽ እንሄዳለን ብላ ደብዳቤው ሁሉ አልቆ ነበር። ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ ማንኩሽ ዳግመኛ አላነሣችም።

«ያቺ ሴትዮ ግን» አለችኝ ልንለያይ ስንል፣ «ራሷን ይወቅራታል ነው ያልከኝ? ባዜቃውንስ ቶሎ ለቅቄዋለሁ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«እንግዲህ እውነተኛው ቁጥር አንተ ካየኸውም በላይ ነው ማለት ነው» አለች። «ደም ብዛት ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን እዚያው ወንዝ ላይ ጎንበስ እንዳለች የአንጎል ደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል።»

ያን ሳምንት ትምህርት እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ከአምስተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ ወደ ዘበኛው እየሄድኩ ከመንደሩ የመጣ ሰው እንዳለ እጠይቀው ነበር። «ሰላም ናቸው፣ መምህሬ» ይለኛል። «ሴትዮዋስ?» እለዋለሁ። «ወንዝ ነው፣ ወርቅ ያጥባል» ይለኛል፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበርና።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። በዚህ ጊዜ ሰሌዳ ያለበት ክፍል ውስጥ አልገባንም፤ ከዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ወንበርና ጠረጴዛው ብቻ ወጣ። ሐኪሟ ከጎኔ ተቀምጣ ባለ ሁለት ጆሮውን ማዳመጫ ከእኔ ጋር አደረገች። ወርቅ አጣቢዋ ቀድማ እንድትመጣ አስጠርተናት ነበር። አምስት ደቂቃ ተቀመጠች። አልተነጋገርንም። ባዜቃውን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት።

መቶ ሰባ ሁለት። መቶ ስድሳ ስምንት። መቶ ስድሳ ስምንት።

ጨርቁን ስፈታላት «አለፍኩ?» አለችኝ።

ዘበኛው እንዲተረጉምልኝ ለምኜ እውነቱን ነገርኳት። ባለፈው ቅዳሜ የጻፍኩት ያየሁትን እንዳልነበረ፣ ዝቅ አድርጌ እንደጻፍኩ፣ ዛሬ ግን እጅግ ከፍ ብሎ እንደተገኘና አሶሳ መሄድ እንዳለባት። ዘበኛው ተርጉሞ ሲጨርስ ከራሱ አንድ ቃል ጨመረ፤ ተሰብስበው የነበሩት በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አልካቸው?»

«ኡስታዙ ወደቀ አልኳቸው።»

ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ በበርታ ቋንቋ ተናገረች። ዘበኛውም ፊቱን ቅጭም አድርጎ ተረጎመ።

«እሷ ምን ይላል፣ ባለፈው አልፈሻል አልከኝ። ዛሬ ወድቀሻል አልከኝ። ያኛው ውሸት ነው አልክ። ይሄ ውሸት እንዳልሆነ ማን ይነግረኛል? እኔ አሶሳ አልሄድም ይላል።»

እውነተኛውን ቁጥር በእጄ ይዤዋለሁ፤ ግን የሚገዛኝ የለም። እኔው አረክሼዋለሁ። ሐኪሟ ልታስረዳት ሞከረች፤ ሴትየዋ በእጇ ከለከለቻትና በአማርኛ፣ ለእኔው ተናገረች።

«ወርቅ የሚገዛ ሰው አለ፣ ያ ኡስታዝ። ሚዛን ለእሱ ያሳያል፣ ለእኔ አያሳይም። እሱ ይቀንሳል፣ ለራሱ ነው። አንተ ቀነስክ፣ ለእኔ ነው። ወላሂ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ግን ሁለታችሁም ሚዛን ወደ ራስ አዙራችሁ ነው የምታዩት።»

ገበታዋን አንሥታ ልትሄድ ተነሣች። ሐኪሟ ግን የተሰደበች ሳይሆን አዲስ ነገር የተነገራት ሰው መስላ ቁጭ ብላ ቀረች። ሕጉን ታስታውሳላችሁ፤ ተለኪው ቁጥሩን አያይም፤ ካየ ልኬቱ ይበላሻል። ሕጉ የራሷ ነው፣ ትክክልም ነው።

«ሦስቱን ጽፈሃል?» አለችኝ።

«ጽፌያለሁ።»

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«እንግዲያው የምርምሩ አልቋል። አራተኛ ለካ። ይሄኛው ደብተር ውስጥ አይገባም፤ የእሷ ነው። መለኪያውን አዙርላት።»

ሣጥኑን አዞርኩት። ሐኪሟ የራሷን ጆሮ ማስገቢያ አውልቃ በአልኮል ጠረገችና በሴትየዋ ጆሮ አደረገችላት። እኔም የእኔን አደረግኩ። እንግዲህ ሁለታችን አንድ ነገር እንሰማለን። ባዜቃው ወጣ፤ ዓይኗ አብሮት ወጣ። በጣቴ መቶ አርባ ጭረት ላይ ምልክት ሰጠኋትና ዘበኛው፣ «ከዚህ በታች ጤና፣ ከዚህ በላይ አሶሳ» ብሎ ተረጎመ። አየሩን መልቀቅ ጀመርኩ፤ ቀስ፣ እጅግ ቀስ አድርጌ። ባዜቃው ጭረት በጭረት ይወርዳል። ዝምታ ነው። ከዛፉ ላይ እንኳ ወፍ አልነበረም። ከዚያ ከጣቴ ብዙ ከፍ ብሎ «ዱም» አለ። ሴትየዋ ደነገጠች፤ ጣቷን አነሣች። እኔ የሰማሁትን በዚያው ቅጽበት ነው የሰማችው። «ዱም፣ ዱም» እያለ ባዜቃው ወርዶ ጣቴን አለፈ፤ ድምፁ ግን አልቆመም።

«ይሄ እኔ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«አዎ። የአንቺ ደም ነው።»

ከዚያ የሠራችውን ነገር እኔም ሐኪሟም አላሰብነውም ነበር። ዘበኛውን ቁጭ በል አለችው፤ ጆሮ ማስገቢያውን ሳታወልቅ የእሱን እንድለካ ጠየቀችኝ። ሚዛንን በታወቀ ነገር ነው የሚፈትኑት፤ ይህን ወርቅ አጣቢ ያውቀዋል። የዘበኛው ባዜቃ ጣቴን አልፎ ከወረደ በኋላ ነው «ዱም» ያለው። በሁለቱ መሐል ያለውን ጭረት በጥፍሯ እየነካች ቆጠረችው። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ ዘበኛውን ትከሻውን መታ አደረገችው።

«እሱ ዘበኛ ነው፤ ቁጭ ይላል። ደሙም ቁጭ ይላል» አለች። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ስትጨርስ ገበታዋን ለእህቷ ሰጠቻትና «መኪና የት ነው?» አለች።

የቀሩትን ሰዎች ያን ቅዳሜና እሑድ፣ ቀጥሎም በመጣው ለካናቸው። ሁሉም ከሦስቱ በኋላ አራተኛውን ጠየቁ፤ ሁሉም ሰሙ። ወደ አሶሳ የተላኩት ጥቂት አልነበሩም። የሐኪሟ ጽሑፍ በታተመ ጊዜ አንድ ቅጂ ላከችልኝ። ውጤቱን እዚህ አልዘረዝረውም፤ የእሷ ነው፤ የገጠር ሰውም ሳያውቀው ደም ብዛት ይዞት እንደሚኖር ብቻ ልበል። እኔ መጀመሪያ የፈለግኩት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ አገኘሁትም። በአንዱ መንደር የአንድ ለኪ ልኬቶች ተጥለው እንደገና እንደተለኩና ሦስተኛ መንደር በዚህ ምክንያት እንደቀረ ሳትደብቅ ጽፋዋለች። ስሜ የለም። ሰበብም የለም። ሰው ሥራውን እንዲህ ሊያከብረው እንደሚችል ያወቅኩት በዚያች አንቀጽ ነው።

ወርቅ አጣቢዋ ክኒን ተሰጣት። በየወሩ በገበያ ቀን ወደ ሆስፒታሉ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን የምትለካት ነርስ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «አንተ መምህር፣ ለዚያች ሴትዮ ምንድን ነው ያስተማራችኋት?» አለችኝ። «መለኪያውን ካላዞርሽልኝ ክንዴን አልሰጥም ትለኛለች! አዞርኩላት። እሷ ደግሞ ጭረት ትቆጥራለች፣ ባለፈው ወር ስንት እንደነበረ ታስታውሰኛለች፣ ክኒኑን ሳትውጥ የቀረችባቸውን ቀኖች ራሷ ትናገራለች። ሌላውን በሽተኛ ሁሉ እንዲህ ብታደርጉልኝ ምን አለ?»

«ስንት ሆነላት?» አልኳት።

«መቶ ሠላሳ ስድስት።»

«ራሷ አይታዋለች?»

«እሷ ናት እንጂ መጀመሪያ ያየችው!»

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ግፊት የምትለኩበት አጋጣሚ ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ያያችሁትን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጨምሩ። መለኪያውን ወደ እነሱ አዙሩት፣ ማዳመጫውን በጆሯቸው አድርጉላቸው፣ አየሩን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ የመጀመሪያውንም ድምፅ የት ላይ እንደሰሙት እነሱ ይንገሯችሁ።